ጎንደር ለግማሽ ቀን፦ ፋሲል ግቢ፣ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ቁስቋም ወይስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ?

ጎንደር ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሳያመነታ ወደ ፋሲል ግቢ ይገባል። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። እናቱን ይዞ የመጣ፣ ሕፃን ያዘለ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ረጋ ብሎ መንሸራሸር የፈለገ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ደክሞት፣ ፀሐይ መትታው፣ የትኛው ግንብ የማን እንደነበር ተምታቶበት ይወጣል። ከፒያሳ ብዙ ሳይራቅ ደግሞ ሌሎች ሦስት የታሪክ ግቢዎች አሉ። ሦስቱም በግንብ የታጠሩ ናቸው፤ በሦስቱም በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ የእግር መንገድ፣ ያረጀ ዛፍና ያረጀ ድንጋይ አለ። ከአራቱ አንዱን ስትመርጡ የቦታውን ዝና ሳይሆን አብሯችሁ ያለውን ሰው ጉልበትና የደረሳችሁበትን ሰዓት ተመልከቱ።

ለቸኮለ ሰው ምክሩ እንዲህ ነው። ጎንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነና ደረጃ መውጣት የማይከብዳችሁ ከሆነ ፋሲል ግቢ ግቡ። ሽማግሌ ወይም ትናንሽ ልጆች ካሉ ጥምቀተ ባሕሩ ይሻላል። መንገድ መሄድ የምትወዱና ግርግር የሰለቻችሁ ቁስቋም ውጡ። ሥዕል የሚማርካችሁ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አስቀድሙ፤ ግን የቅዳሴውን ሰዓት አውቃችሁ ሂዱ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ከተጠቀሰው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፋሲል ግቢ

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 መናገሻ ካደረጉ በኋላ ተከታዮቻቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግንብ እዚያው ጨመሩ። ስለዚህ ግቢው 7 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው፣ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ የነገሥታት ሰፈር ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 ነው። በቅርብ ዓመታት ሰፊ እድሳት ስለተደረገለት ድሮ ያዩት ሰዎች ብዙ ነገር ተለውጦ ያገኙታል።

ብዙ ጎብኚ የሚደክመውና የሚምታታበት ቅደም ተከተል ሳይዝ ስለሚዞር ነው። ሕንፃዎቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትሄዱ በግምት በዘመን ቅደም ተከተል ይመጣሉ። መጀመሪያ የአፄ ፋሲል ግንብ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ ያለው፣ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የታነፀው፣ ፎቶው በየቤቱ የተሰቀለው እሱ ነው። ከዚያ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ቀጥሎ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ ከዚያ የአፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ በመጨረሻ የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች። ይህን መስመር ከያዛችሁ ያለ አስጎብኚም ቢሆን መቶ ዓመት የሚሆን ታሪክ በእግራችሁ ትከተላላችሁ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ግራና ቀኝ ከዞራችሁ ግን አንዱን ሕንፃ ሁለት ጊዜ ታዩና ሌላውን ትዘላላችሁ። በብዛት የሚዘለለው በሰሜን ጫፍ ያለው የምንትዋብ ግንብ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው የቀይ ድንጋይ መስቀል በቀሪው ግቢ የማታገኙት ውበት ነው።

የኢያሱ ግንብ ላይ ቆም በሉ። በዘመኑ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በሥዕል ያጌጠ እንደነበር ይነገርለታል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፤ በ1941 ደግሞ ጣልያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። ዛሬ የሚታየው ባዶ ቅስትና ከላይ የተከፈተ ሰማይ ነው። ግቢው ውስጥ ጦርነት ምን እንዳደረገ በዓይን የሚታየው እዚህ ስለሆነ፣ ለልጆች ታሪክ ማስረዳት ለሚፈልግ ወላጅ ከፋሲል ግንብ ይልቅ ይህ የተሻለ ማስተማሪያ ነው።

ረጋ ላለ ጉብኝት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያዙ። የድንጋይ ደረጃዎቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ዝቅ፣ ቀጣዩ ከፍ ይላል፤ ሰው ወድቆ የሚጎዳውም ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ፎቅ ሳይወጣ ከሣሩ ላይ ሆኖ ቢያይ ብዙ አይቀርበትም፤ ሕንፃዎቹ ከውጭ ነው ውበታቸው። ጨለማ ክፍሎች ስላሉ የስልክ ባትሪያችሁን አስቀድማችሁ ሙሉ። ጥላ የሚገኘው እዚህም እዚያም ስለሆነ ከ5 ሰዓት በኋላ ያለ ኮፍያ አትግቡ፤ ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐይዋ ትበላለች።

አስጎብኚ የምትይዙ ከሆነ ቲኬት ከሚሸጥበት አካባቢ መታወቂያ ያንጠለጠለውን ያዙ። ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ቁረጡ፦ ዋጋው ለቡድኑ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ፣ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ጥምቀተ ባሕሩን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም። ጭቅጭቅ ሁሉ የሚመጣው ከሦስተኛው ነው። ለዓመታት የግቢው ቲኬት በዚያው ቀን ለጥምቀተ ባሕሩም ሲያገለግል ኖሯል፤ ስለዚህ ስትገዙ ጠይቁ፣ ቁራጩንም አትጣሉ። ከውጭ የመጣችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳችሁን ያዙ፤ የመግቢያ ዋጋ ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ ካርዱ ከሌለ አማርኛ መናገር ብቻ ላይበቃ ይችላል።

ጥምቀተ ባሕሩ

ከግቢው በስተሰሜን ምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። በእግር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ወደዚያ ስትሄዱ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ የሚከብደው መመለሻው ነው። ስለዚህ በእግር ሂዱና በባጃጅ ተመለሱ።

ከአራቱ ቦታዎች መናፈሻ የሚለው ስም በእውነት የሚገባው ይህ ነው። ግቢው ሜዳማ ነው፣ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጥላው ሰፊ ነው። መሃል ላይ በድንጋይ የተገነባው ገንዳ፣ በውስጡም በቅስት ድልድይ የሚገባበት ፎቅ ያለው ግንብ አለ። ዙሪያውን ረጋ ብሎ መዞር ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዘራ የያዘ ሰውም ይችለዋል። ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል።

በቅርበት የምታዩት ነገር የዛፎቹን ሥር ነው። በአጥሩ ላይ የበቀሉት ሾላ መሰል ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ አስገብተው ቁልቁል ወደ መሬት ለቀዋል፤ አንዳንዱ ሥር የሰው ጭን ያህላል። ድንጋይና ሥር እንዲህ ተጣብቀው ከመኖራቸው የተነሳ ሥሩ ቢቆረጥ ግንቡ ይፈርሳል፤ ሥሩ ሲወፍር ደግሞ ድንጋዩን ገፍቶ ያላቅቀዋል። ልጆች ይህን ሲያዩ መውጣት ያምራቸዋል። አትፍቀዱ፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ተላቅቆ ሊሆን ይችላል፣ የሥሩም ቅርፊት ይላጣል።

ብዙ ሰው የሚያዝንበት አንድ ነገር አለ፦ በፎቶ ያየው ውሃ የለም። ገንዳው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ለጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል። ውሃውን ለማየት ብቻ የምትመጡ ከሆነ ጉዟችሁን ከጥር 11 በፊት ባሉት ቀናት ወይም ከበዓሉ በኋላ ውሃው ሳይለቀቅ አድርጉት። ባዶ ሲሆን ግን የግንቡን መሠረትና የድልድዩን ቅስቶች እስከ ታች ታያላችሁ፤ ለሥነ ሕንፃ አፍቃሪ ይህ የተሻለ ነው። ባዶም ይሁን ሙሉ፣ ጠርዙ ከለላ የሌለው ጥልቅ ገደል ስለሆነ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁ ይያዝ።

አጠገብ ያለችው ክብ፣ ጉልላት ያላት ትንሽ ሕንፃ በልማድ ዞብል የተባለው ፈረስ መቃብር ትባላለች። አምስት ደቂቃ ነው፤ አትዝለሏት።

ቁስቋም

እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው፣ ተራራው ላይ ቤተ መንግሥትና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን አሠሩ። ከመሃል ከተማ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ እዚህ ነበር የተስተናገደው፤ ፈንጣጣ የያዛቸውን የንጉሣውያን ቤተሰብ ልጆችም አክሟል። በ1888 ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለ። አሁን ያለው ቤተ ክርስቲያን ኋላ የተሠራ ነው፤ የቤተ መንግሥቱና የግብር አዳራሹ ግድግዳዎች ግን ጣሪያ እንደሌላቸው ቆመዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ከሰዓት ብቻ ያለውና ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ሰው የሚደሰተው እዚህ ነው። ጎብኚ ጥቂት ነው፣ ከተማዋ ቁልቁል ትታያለች፣ በግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችና ምስሎች በእጅ የሚነኩ ያህል ቅርብ ናቸው። አትንኳቸው እንጂ፤ ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ላብና በጥፍር ይበላል።

መንገዱን በዚህ መልክ አድርጉት። ከፒያሳ በባጃጅ ኮንትራት እስከ በሩ ውጡ፤ ሲወጣ ዳገት ነው፣ ፀሐይ ላይ በእግር መውጣት ከባሕር ጠረፍ አካባቢ ለመጣ ሰው፣ ለምሳሌ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ፣ በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሲበቃችሁ ቁልቁል በእግር ወርዳችሁ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ዝለቁ። ቁልቁለቱ ጉልበት ስለሚያስጨንቅ ቀስ በሉ፤ ጠጠር ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማና ሰንደል አይሆንም። ባጃጁ እንዲጠብቃችሁ ከፈለጋችሁ ዋጋውን ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው ብላችሁ ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

ቁስቋም ላይ ዋናው ችግር ቁልፍ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚያ ይገኛል፤ ለማየት ግን ቁልፍ የያዘው ሰው መገኘት አለበት። ደርሳችሁ በሩ ዝግ ከሆነ አትመለሱ፤ በአካባቢው ላለ ለማንኛውም ሰው ሰላምታ ሰጥታችሁ “አባ፣ ቁልፍ የሚይዘው የት ይገኛል?” ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሰው ተልኮ ይጠራል። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ተርፏችሁ ውጡ። ለመግቢያ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የምትሰጡትን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ክተቱ። ሱቅም ሆነ መጸዳጃ ቤት አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ውሃ ያዙ። ከ11 ሰዓት በፊትም ውረዱ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በ1690ዎቹ የተመረቀ ሲሆን የመጀመሪያው ክብ ሕንፃ ጠፍቶ አሁን ያለው ረዘም ያለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ቆይቶ የተተካ ነው። ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህኛው ተረፈ፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። የጣሪያው የመላእክት ፊቶች በመላው ዓለም ይታወቃሉ። ግቢው ዛፍ የበዛበት ነው፤ በአጥሩ ላይ ያሉት 12 ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ዙሪያውን መሄድ አሥር ደቂቃ፣ ውስጡን ማየት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

እዚህ ሁሉን ነገር የሚወስነው ሰዓት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ ዘግይቶ ገብቶ ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ፣ በዐቢይ ጾም እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የሚመጣ ሰው ውጭ ይቀመጣል። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ለጉብኝት መግባት አይገባም። ወር በገባ በ7፣ በተለይ ሐምሌ 7 እና ጥር 7፣ ሕዝቡ ስለሚበዛ ለማምለክ እንጂ ሥዕል ለማየት አትምጡ። የሚመቸው ጾም ባልሆነ የሥራ ቀን ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ብርሃኑም በበሩ በኩል ገብቶ ጣሪያውን ያሳያል። ወደ ማታ ሲሆን ውስጡ ይጨልማል፤ ፍላሽ ደግሞ ቀለሙን ስለሚጎዳ ክልክል ነው።

ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ሴቶች ነጠላ ያድርጉ፤ ወንዶችም ቁምጣ ለብሰው አይግቡ። ይህ ለቁስቋምም ይሠራል።

ሁለቱን ማጣመር

አምስት ሰዓት ካላችሁ ሁለት ቦታ ይበቃል፤ ሦስተኛውን የጨመረ ሰው ሁሉንም በሩጫ ያያል። ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፋሲል ግቢ ገብቶ 5 ሰዓት መውጣት፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዶ ጥላ ላይ ማረፍ ነው። ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በሮች ለምሳ ሊዘጉ ስለሚችሉ ማናቸውንም መግቢያ በዚያ ሰዓት አታቅዱ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ላላችሁ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቁስቋም ወጥታችሁ በጥምቀተ ባሕሩ በኩል ብትመለሱ በጣም ጥሩ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሌላው አቅጣጫ ስለሆነ ከፋሲል ግቢ ጋር እንጂ ከቁስቋም ጋር አታጣምሩት። ከእስራኤል የመጣችሁ የቤተ እስራኤል ልጆች ደግሞ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለችው የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ለወለቃ የተለየ ሰዓት ያዙላት፤ በሩጫ የምትታይ ቦታ አይደለችም።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቁስቋም በኅዳር 6 በዓሉ ነው፤ ድምቀቱን የምትፈልጉ ያኔ ውጡ፤ ፀጥታውን የምትፈልጉ ሌላ ቀን። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጠዋቱን ተጠቀሙ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ይወርዳል፣ የረጠበ የግንብ ደረጃም ያዳልጣል፤ በዚያ ወቅት የቁስቋምን ቁልቁለት ትታችሁ በባጃጅ ተመለሱ። የትኛውንም ወቅት ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ከተማውና ስለ መንገዱ ፀጥታ ያረፋችሁበትን ሆቴል ጠይቁ። ድሮን ይዞ መምጣት ያሰበ ሰው ያለ ፈቃድ ከቦሌ እንደማያልፍ ይወቅ።

በጥምቀት ሰሞን የመጣ ሰው ደግሞ ስለ ሕንፃ ማሰቡን ይተው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከሰዓት ወደ ባሕሩ ወርደው ሌሊቱን እዚያ ያድራሉ፣ ጥር 11 ማለዳ ውሃው ይባረካል። ቦታ ለመያዝ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መድረስ ይበጃል፤ ሕፃንና አቅመ ደካማ ግን ከገንዳው ጠርዝ ርቀው ወደ ውጭኛው አጥር ይቁሙ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎች ቆስለዋል። ስለዚህ ለበዓሉ የተረበረበ የእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ሰው ሞልቶበት ካያችሁ፣ ዓይን የሚሞላ እይታ ቢኖረውም አትውጡ፤ መሬት ላይ ቆማችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን መውጫ በር አስቀድማችሁ ለዩ።